የተገዘተው አፈር

ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ድረስ ገነት ሞገስን የሚወድ ሰው ቢፈለግ ቶሎ አይገኝም። እሷም በበኩሏ ማንንም እወዳለሁ ብላ አታውቅም። መርሳ ተወልዳ፣ ወልድያ ተምራ፣ እዚያው አንድ የእርሻ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቴክኒሺያን ሆና ተቀጥራ፣ ሳታገባ ሳትወልድ አርባዎቹን የጀመረች ሴት ናት። ምላሷ ምላጭ ነው። ወገቧን አሟት ጎንበስ ስትል ያየ ሰው «እግዜር ይማርሽ» ቢላት፣ «ምነው፣ ለቀብሬ ቸኮልክ?» የምትል ዓይነት ናት።

የተጠላችው ግን በምላሷ ብቻ አይደለም። ሌላው ሰው ከወልድያ ወደ ቤተሰቡ ሲመጣ ሙዝ ወይም ዳቦ ያንጠለጥላል፤ ገነት የምታንጠለጥለው አፈር ነው። በፌስታል የተቋጠረ አፈር። ከማሽላችሁ ዘር ጋር ዝሩት፣ ድርቅ ይችልላችኋል እያለች ለገበሬው ታድላለች። አፈር የሚሰጠው ግን ለሞተ ሰው ነው። በቁሙ ላለ ሰው አፈር ማቀበል ከእርግማን አይለይም። ስለዚህ ገበሬው አንገቱን ደፍቶ ይቀበላትና ጀርባዋን ስታዞር ወስዶ ጎርፍ መሄጃ ውስጥ ይደፋዋል። እሷም ይህን ታውቃለች። እያወቀች በየዓመቱ ታመጣለች፤ በየዓመቱም ተሳድባ ትመለሳለች።

አፈሩ ውስጥ ያለው ፈንገስ ነው። ስሙ በፈረንጅ አፍ ረዥም ስለሆነ የመርሳ ሰው «የገነት ሻጋታ» ብሎ ተገላግሎታል። በዓይን አይታይም። ከማሽላ ሥር ጋር ተጣብቆ ከፀጉር የቀጠነ ክሩን ወደ አፈሩ ይዘረጋል፤ ሥሩ ራሱ የማይደርስበትን ውሃና ምግብ ለቃቅሞ ያመጣል፤ ማሽላው ደግሞ በቅጠሉ ከሠራው ስኳር ያካፍለዋል። ገነት ስታስረዳ የእኩል አራሽ ነው ትላለች፤ መሬቱ ያንተ፣ ጉልበቱ የሱ፣ ምርቱ የጋራ። ዝናብ ሲያቋርጥ ፈንገስ ያለው ማሽላ ጥቂት ሳምንት ቆሞ ይጠብቃል፣ የሌለው ይጠወልጋል። ከዚህ ያለፈ ተአምር የለውም። መርሳ ባለችበት በሀብሩ ቆላ ግን በነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው እህል የሚያፍሰውና ባዶ አገዳ የሚታቀፈው የሚለየው። አንድ ክፉ ጠባይ ደግሞ አለው። በደረቀ አፈር ጥቂት ጊዜ ቢቆይም፣ ሕይወት ያለው ሥር ካላገኘ ውሎ አድሮ ይሞታል፤ በጠርሙስ አሽጎ ማስቀመጥ አይቻልም።

ይህን ፈንገስ ገነት ያገኘችው ከሩቅ አገር አይደለም፤ ከወንድሟ ከካሳዬ መሬት ነው። ጠቡም የመጣው ከዚሁ ነው።

አባታቸው ሲሞቱ ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችውን መሬት ለሁለት ተካፈሏት፤ መካከሏ ላይም የድንበር ድንጋይ ተተከለ። ለታላቁ ለካሳዬ በደረሰው ወገን አንዲት አሮጌ የኩርኩራ ዛፍ አለች። ከዚያች ኩርኩራ አጠገብ የበቀለ ማሽላ ከሌላው ዘግይቶ እንደሚጠወልግ ገነት ከልጅነቷ ጀምሮ ታስታውሳለች። ቤተ ሙከራ ከገባች በኋላ አንድ ቀን ሳታስፈቅድ ከኩርኩራዋ ሥር አፈር ዝቃ ወልድያ ወሰደች። በባልዲ ማሽላ እየዘራች፣ ፈንገሱን በሥሩ ላይ ስታባዛ ከረመች። ከዚያ አምጥታ በራሷ ወገን፣ የእኩል አራሿ ቶፊቅ ሲዘራ ከዘሩ ጋር ጨመረችው። ከጦርነቱ ሁለት ዓመት በፊት በነበረው ክረምት ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቀጥ አለ። የካሳዬ ማሽላ በቁሙ ነደደ፤ ከድንጋዩ ወዲህ ያለው የገነት ማሽላ አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ።

ካሳዬ ይህን አይቶ እንቅልፍ አጣ። ያን ጊዜ የራሱ አይሱዙ ያለው ሾፌር ነበር፤ መሬቷ ለሱ እዚህ ግባ የምትባል አልነበረችም። ምቀኝነት ግን ሾፌርና ገበሬ አይለይም። እህቱ አፈር ስትዝቅ ያየ ሰው ሲነግረው ነገሩ ሁሉ ተገለጠለት፤ ከአፈሩ ጋር የመሬቱን በረከት ወስዳ ወደ ራሷ ወገን አዛውራዋለች። ከሰው ማሳ አፈር የሚዘግን ሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ ደግሞ ለማንም አይጠፋም። ገነት ልታስረዳው ሞከረች። «ፈንገስ ነው» አለችው። «ፈንገስስ አንቺ ነሽ» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕድሜ ልኳን ጋሼ ስትለው የኖረችውን ወንድሟን በስሙ መጥራት ጀመረች። እሱም እሷን ሲያነሳ «ያቺ ሌባ» ነው የሚለው።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወልድያ ገባ። ገነት መሸሽ ትችል ነበር፤ ግን ባልዲዎቿን ማን ያጠጣቸዋል? ቀረች። ታጣቂዎች ቤተ ሙከራውን ሰብረው ገቡ። ማይክሮስኮፑን፣ ኮምፒውተሩን፣ የሚጫነውን ሁሉ ጫኑ፤ የማይጫነውን ሰባበሩ። ማሽላው ያለበት ላስቲክ ቤት ሲደርሱ በሩ ላይ ቆማ ስትሰድባቸው አንዱ በሰደፍ ደረቷን ገፍትሮ ጣላት። ባልዲዎቹን ለውሃ መቅጃ ፈልገዋቸው ነበር። ማሽላውን እየነቀሉ፣ አፈሩን ሲሚንቶው ላይ እየገለበጡ ይዘዋቸው ሄዱ። ከተማው ውስጥ ልጁን የቀበረ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ያለቅሳል፤ ገነት ለአፈር አለቀሰች። ለምን እንደምታለቅስ ለማንም መናገር አልቻለችም፤ ያሳፍራል።

አንዲት ባልዲ ግን ቤቷ ቀርታ ነበር። የተከራየችበት ግቢ ባለቤት ዘነበች ትባላለች፤ ሁለቱ በደጉ ጊዜም በውሃ ተራ የሚነታረኩ ነበሩ። አሁን መብራት የለም፣ ወፍጮ የለም፣ ባንኩ ተዘርፏል፣ ውሃ ከወንዝ በጀርባ ነው የሚመጣው። ገነት ከምትጠጣው ቀንሳ ለባልዲዋ ማሽላ ስታፈስ ዘነበች በመስኮት ታያታለች። የሰው ጉሮሮ ደርቆ አንቺ አገዳ ታጠጫለሽ እያለች በየቀኑ ትለክፋት ነበር። አንድ ቀን ገነት እንጨት ፍለጋ ወጥታ ስትመለስ ማሽላው ተነቅሎ ለፍየል ተሰጥቷል፤ ባልዲው ውስጥ ጎመን ተተክሎበታል። ዘነበች አላፈረችም፤ ልጆቼ ይብሉበት አለች።

ከሰብል ሁሉ ለዚህ ፈንገስ የማይሆነው ጎመን ነው፤ ሥሩን አይከፍትለትም፣ አያበላውም። ገነት ይህን ስትናገር ዘነበች፣ እኛንስ ማን አበላን ብላ ሳቀችባት። ጎመኑ አደገ። ዘነበች ቀቅላ ለልጆቿ ስታቀርብ ለገነትም በሳህን ላከችላት። ገነትም በላችው፤ ርቧት ነበር። እየጎረሰች ዘነበችን የጠላቻትን ያህል በሕይወቷ ማንንም ጠልታ አታውቅም።

የቀረ ተስፋዋ መርሳ ነው። ቶፊቅ በየዓመቱ ማሽላ ስለሚዘራበት በመሬቷ አፈር ውስጥ ፈንገሱ እንዳለ ነው፤ ከዚያ እንደገና ትጀምራለች። ታኅሣሥ ላይ መንገድ እንደተከፈተ በተገኘው መኪና፣ ያልተገኘበትንም በእግሯ መርሳ ወረደች። ቤተ ዘመድ ሳትጠይቅ ቀጥታ ወደ ማሳዋ ሄደች። ማሳዋ ቆዳው የተገፈፈ በሬ መስሎ ጠበቃት። የላይኛው ጥቁር አፈር የለም፤ ቀዩና ጠጠሩ አግጦ ወጥቷል። ቶፊቅ ራሱን እያከከ የሆነውን ነገራት።

ጦርነቱ መርሳ በደረሰ ጊዜ ታጣቂዎች የካሳዬን አይሱዙ ወሰዱት። ጠመንጃ ግንባሩ ላይ ተደግኖ ቁልፉን በገዛ እጁ አስረከበ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ተቀምጦ ሲያብሰለስል መኪናዋም የሄደችው በረከቱ ስለተሰረቀ ነው ብሎ ደመደመ። አዝመራው እንደተነሳ፣ ዳኛና ፖሊስ በሌለበት፣ አህያ ተውሶ የእህቱን ማሳ የላይ አፈር እየጠረገ በጆንያ ወደ ራሱ ወገን አጋዘው። ለጠየቀው ሁሉ በረከቴን እየመለስኩ ነው ይላል። ተኩስ ሲሰማ ሰው ልጁንና ፍራሹን ያሸሻል፣ ካሳዬ አፈር ያሸሻል። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የተባለውን እንደ ምክር የወሰደው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ገነት ሽማግሌ ሰበሰበች። መምሬ ሽፈራውና ሸህ አብዱልመሊክ የድንበሩ ድንጋይ አጠገብ ተቀምጠው ሁለቱንም ሰሙ። ካሳዬ የወሰድኩት የራሴን ነው አለ። ሽማግሎቹ ግማሹን እንኳ መልስላት ቢሉት ከመሬቴ አንዲት ጭብጥ አይወጣም ብሎ ድርቅ አለ። ያን ጊዜ ገነት ደሟ ፈላ። «እንግዲያው ይገዘት» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ እሱም ከኔ መሬት፣ እኔም ከሱ መሬት አንዲት ጭብጥ አፈር ብንወስድ ግዝት ይሁንብን።»

መምሬ ሽፈራው መስቀላቸውን ከማንሳታቸው በፊት አስቆሟት። «አስቢበት ልጄ» አሏት። «ግዝት አፍ ላይ ቀላል ነው፤ ለማንሳት ግን ሁለታችሁም ታርቃችሁ መምጣት አለባችሁ።» ይገዝቱልኝ አባቴ አለች። ገዘቱ። ሸህ አብዱልመሊክም አላህ ልባችሁን ያራራው ብለው ዱዓ አደረጉ። ሁለቱ ጀርባ ተሰጣጥተው ሄዱ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ገነት ያን ለት ምን እንዳደረገች ያወቀችው ክረምት ገብቶ ነው።

በቀጣዩ ክረምት ቶፊቅ በተገፈፈው መሬት ላይ ማሽላ ዘራ። ገነት ከጠጠሩ ሥር የተረፈ ፈንገስ ይኖራል ብላ ተማምና ነበር። ነሐሴ ላይ ዝናቡ እንደ ልማዱ ጠፋ። ያ የቶፊቅ ማሽላ ቅጠሉን እንደ ሲጃራ ጠቅልሎ አመድ መሰለ። የካሳዬ ማሽላ ግን፣ የተጋዘው አፈር የተበተነበት ሁሉ፣ ከኩርኩራዋ እስከ ድንበሩ ድንጋይ ድረስ ለምለም ሆኖ ቆመ። ያ ደንቆሮ በረከት መለስኩ ብሎ በአህያ ያጋዘው የሷን የዓመታት ልፋት ነበር። ወልድያ ባልዲ የለም፣ ቤተ ሙከራው ባዶ ግድግዳ ነው፤ በዓለም ላይ የቀረው የገነት ፈንገስ በሚጠላት ወንድሟ መሬት ላይ፣ ራሷ ለምና ባስገዘተችው አፈር ውስጥ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ለሷ የተነገረ ነው።

መምሬ ሽፈራው ዘንድ ሄዳ ግዝቱን ያንሱልኝ አለች። ታረቁና ሁለታችሁም ኑ አሏት። ሽማግሌ ላከች። ካሳዬ፣ ብትሞት የመቃብሯን አፈር እንኳ ከኔ መሬት አልሰጥም ብሎ መለሳቸው። አንድ ማታ ማንም በሌለበት ድንበሩ ድረስ ሄዳ እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቿ የካሳዬን አፈር ሊነኩ ሲሉ አየር ላይ ቀሩ። ያን ሁሉ ሳይንስ የተማረች ሴት ግዝት ፈራች። ግዝት የጣሰ ሰው ዘሩ ይጠፋል ይባላል። ልጅ የላትም፤ ዘሯ ብሎ ነገር ካለ ያ ፈንገስ ነው። እጇን ሰብስባ ተመለሰች።

ነሐሴ ሳያልቅ ጦርነቱ እንደገና ፈነዳ። ከቆቦ በኩል ሰው ፍራሽ እየተሸከመ ይጎርፍ ጀመር፤ ወልድያም ግማሿ ወጣች። መርሳ ላይ መኪና ያለው በመኪና፣ የሌለው በእግሩ ወደ ደሴ አቅጣጫ ያያል። ቶፊቅ ልጆቹን ይዞ ዘመዶቹ ወዳሉበት ወደ ውርጌሳ ሊሄድ ነው። ሚስቱ ዕቃ ስትቋጥር እሱ፣ ከዚያች ማታ ወዲህ መርሳ የቆየችውን ገነትን ፈልጎ መጣ። ከገበሬ ሁሉ ፌስታሉን ጎርፍ ውስጥ ያልደፋው እሱ ነበር።

«እትዬ ገነት» አላት፣ «ያን ሻጋታ ይዘን ብንሄድ እዚያ እዘራው ነበር። እነዚህ ተመልሰው ከመጡ እንዳምናው ማሳውን ምሽግ ይቆፍሩበታል። ወላሂ አንድ ጆንያ ቢገኝ ይበቃ ነበር።»

ገነት ተነስታ ወደ ማሳው ሄደች፤ ቶፊቅም ባዶ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ተከተላት።

ካሳዬ ከኩርኩራዋ ወዲህ፣ ድንበሩ አጠገብ በዶማ ይቆፍራል። አምና ቤቱ ያለው እህል ሁሉ ስለተጫነበት ዘንድሮ ያለችውን ሊቀብር ነው። ማሽላ እየነቀለ የሚቆፍረው ደረቅ አፈር በጓል በጓል እየተነሳ ጉድጓዱ ዳር ተከምሯል። እህቱን ከድንጋዩ ወዲያ ቆማ ሲያያት ቀና አለ።

«ምን ትገተሪያለሽ? ሂጅ ከፊቴ» አለና ከክምሩ አንድ ጓል አንስቶ ወረወረባት።

ትከሻዋን መታትና እግሯ ሥር ወድቆ ተከፈለ። ገነት ጎንበስ ብላ አየችው። በተከፈለው ጓል መካከል የማሽላ ሥር ነጭ ክር በክር ሆኖ ይታያል። ጓሉ ያረፈው በሷ መሬት ላይ ነው። ግዝቱ መውሰድን ነው የከለከለው፤ ተወርውሮ ስለመጣ አፈር መምሬ ሽፈራውም ያሉት ነገር የለም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ ዘረጋችና ጓሉን አንስታ አስቀመጠችበት። ከዚያ ቀና ብላ ዕድሜዋን በሙሉ የተካነችበትን ሥራ ጀመረች።

መኪናህን በሁለት እጅህ እንዳስረከብከው ማሽላህንም አስረክበህ ልትፈረጥጥ ነው ወይ አለችው። ጓል መጣ። ለባለጠመንጃ አገልጋይ፣ ለእህቱ ጀግና አለችው። ሁለት ተከታትሎ መጣ፤ አንዱ ሳታት፣ አንዱ ጭኗን መታት። ሚስትህ ጥላህ ወደ ወላጆቿ የሄደችው መኪናዋን ስታጣት ነው፣ ድሮም የወደደችው አይሱዙውን ነበር አለችው። ካሳዬ እያጓራ እጁ የገባለትን ሁሉ ይወረውር ጀመር። ቶፊቅ ኧረ በአላህ እያለ ሊገላግል ሲሮጥ ገነት ዞራ ጆንያውን ክፈት አለችው። ቶፊቅ ትንሽ ቆሞ አያትና ገባው። ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ።

«አባባ ሲሞት» አለች ገነት፣ ይህንን ለመጨረሻ ያስቀመጠችው ነበር፣ «ካሳዬ የት ነው፣ ካሳዬ መጣ ወይ እያለ ነው የሞተው። አንተ አዋሽ ላይ ጫት ትቅም ነበር።»

ከሁሉ ትልቁ ጓል ግንባሯ ላይ አረፈ። ተንገዳግዳ በጉልበቷ ወደቀች፤ ደሙ ቅንድቧን አልፎ ወረደ። እሷ ግን በመዳፏ ጠረገችውና ጓሉ የተበተነበትን ትለቅም ጀመር፣ ፍርፋሪው ሳይቀር።

ካሳዬ እጁን እንደሰቀለ ቆመ። እህቱ የምትለቅመውን፣ ቶፊቅ የያዘውን ጆንያ፣ የድንበሩን ድንጋይ ተራ በተራ አየ። ሞኝ አይደለም። መውሰድና መወርወር ምን እንደሚለያቸው እሱም ገባው፤ ፊቱ ሲለዋወጥ ገነት አየችው። ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድብ አለቀባት። ጆንያው ገና ግማሽ ነው። ከመርሳ ዳር የሚጣደፍ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ጨምር» አለችው። «ጨምር፣ ጋሼ።»

ካሳዬ ምራቁን ትፍ አለ። ዶማውን አነሳና አንድ የቆመ ማሽላ ሥር ሰነቀረው፤ አገዳውን ከነሥሩ፣ ከነተሸከመው አፈር ፈንቅሎ በሁለት እጁ አቀፈው። እስከ ድንጋዩ ድረስ አምጥቶ አሽቀንጥሮ ጣለው፤ እሷ ላይ ሳይሆን እግሯ ፊት። ተመልሶ ሌላ ፈነቀለ፣ እሱንም ጣለው። ጆንያው እስኪሞላ ድረስ አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላያትም።

በመጨረሻ «አፈር ብዪ» አላት፣ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ጉድጓዱ እየተመለሰ።

«አሜን» አለች ገነት፤ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠረችና ቶፊቅን አሸክመኝ አለችው።